በባሕሩ ዳር ያላነሳሁት ስልክ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ አጥፍቼዋለሁ። የሞተ ሰው አለበት፤ የታመመ ሰው ገላ አለበት፤ የእኔም ውሸት አለበት። ደግሞ ዋናው ነገር የተፈጸመው ሰዎች ያለ ልብስ በሚዋኙበት የባሕር ዳርቻ ስለሆነ፣ ገና ይህን ስታነቡ ፈገግ የምትሉ ወይም አንብባችሁ ሳትጨርሱ የምትተዉት ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ሌላ ሰው ጽፎት ባየው እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። አክስቴን ፈቃድ ጠየቅኳት። «ስሜን ቀይረሽ ጻፊው» አለችኝ። ስሟን ቀይሬያለሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ነርስ ለመሆን የሚያስፈልጉትን ኮርሶች እወስዳለሁ። ከእናትና አባቴ ጋር አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አባቴ በሥራ ቀናት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኔ እሺ የምል ልጅ ነበርኩ። ወንበር ሰብስቢ ሲሉኝ እሺ፣ ሕፃናቱን ያዢ ሲሉኝ እሺ፣ ለእከሌ ፎርም ሙዪለት ሲሉኝ እሺ። ሰው እንዳይቀየመኝ የማደርገው ብዙ ነበር፤ መዋሸትም አንዱ መሆኑን ግን አላስተዋልኩም።

አክስቴ ውድነሽ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እቴቴ ነው የምላት። አሌክሳንድሪያ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሥራዋ ሆም ኬር ነው፤ አዛውንት አሜሪካውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። እሷና አባቴ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱ ፍቺዋ ነበር። ባሏም የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው፤ ሽምግልናውን የመራው አባቴ ነው። እቴቴ «አልመለስም» ስትል፣ አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት «እንግዲያው እስክትመለሺ ድረስ ቤቴን እንዳትረግጪ» አላት። አልረገጠችም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ግን አንዳቸውም በመሃል ያለውን ወንዝ አልተሻገሩም።

እቴቴ በዚያው የትምህርት ዓመት፣ መስከረም ላይ ታመመች። በእኛ ዘንድ ስሙ የማይጠራው በሽታ ነው፤ እናቴ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያ ነገር» ነበር የምትለው። ግራ ጡቷን ቆርጠው አወጡት፤ ከዚያ መድኃኒቱ ቀጠለ። የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ በየሳምንቱ አጥሚትና ሾርባ በእኔ ትልክላታለች፤ እኔ ለአባቴ «ላይብረሪ ነኝ» እለዋለሁ። እቴቴ አስምላናለች።

«ለጋሼ እንዳትነግሩት» አለችን። «በሽታ አስታረቀን እንዲል አልፈልግም። በጤናዬ ይጥራኝ።»

በየካቲት ሕክምናው አለቀ። አንድ ቀን ሾርባዋን እየጠጣች፣ «ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ባሕር ገብቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ ራሷ ፍላይት ቡክ አደረገች፤ ካሪቢያን ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት። ለስፕሪንግ ብሬክ፣ በመጋቢቱ የኮሌጅ ዕረፍት፣ አብሬያት እንድሄድ እናቴ ተስማማች። አባቴ ግን ለምን ከማን ጋር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ከኮሌጁ ተማሪዎች ጋር ኖርዝ ካሮላይና ሄጄ ለድሆች ቤት እንደምሠራ ነገርኩት። ጠንቃቃ ነኝ። የአምስቱን ቀን ፕሮግራም በኮምፒውተር ጽፌ፣ የእራት ሰዓት ሳይቀር አስገብቼ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩለት።

አባቴ ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሰኞ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ ጸለየልኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሶ የሥራ ጓንቱን ይዞልኝ መጣ፤ አውቶቡሱን ሲፈትሽ የሚያደርገውን፣ መዳፉ ላይ ቆዳ ያለውን።

«ሚስማር ይወጋሻል፤ የነሱ ጓንት ስስ ነው» አለኝ። «ይሰፋሻል፤ ግን አድርጊው።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ጓንቱን በቦርሳዬ ይዤ፣ ከክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው አየር ማረፊያ ተነስቼ ወደ ባሕር ሄድኩ።

ደሴቲቱ ላይ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣችንን አስቀምጠን በረንዳው ላይ እንደተቀመጥን እቴቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ፌቪ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ነገ የምንሄድበት ባሕር ላይ ልብስ ግዴታ አይደለም።»

«ማለት?»

«የፈለገ ይለብሳል፤ ያልፈለገ አይለብስም።»

«ራቁታቸውን? ሰዎች? በጠራራ ፀሐይ?»

«ሌሊት ከሆነማ ይበርዳቸዋል።»

አልሳቅኩም። «እቴቴ፣ እኔ እኮ የሽማግሌ ልጅ ነኝ!»

«እኔስ የሽማግሌ እህት አይደለሁ? ቁጭ በዪ።»

ተቀመጥኩ። እሷ ወደ ባሕሩ እያየች ነው የምታወራው።

«ስድስት ወር ሙሉ ራሴን መስታወት ውስጥ አላየሁም። ሻወር የምገባው መብራት አጥፍቼ ነው። ስጠብቃት የነበረችውን ሚስ ሩትን ታስታውሻለሽ? አሮጊቷን? እሷም እንደኔ ተቆርጣለች፤ በወጣትነቷ። ገላዋን ያጠብኳት እኔ አይደለሁ? አየሁት። አንድ ቀን ‹እዚያ ባሕር ሄጄ ነው ገላዬን መልሼ የራሴ ያደረግኩት፤ ማንም ማንንም አያይም› አለችኝ። ያን ጊዜ እኔ ጤነኛ ነበርኩ፤ ሰምቼ አለፍኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ አታውልቂ። ካሻሽ ካፖርት ደርበሽ ተቀመጪ። ብቻዬን ግን አልችልም።»

«እሺ» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። መግቢያው ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ነገረችን፤ ካሜራም ስልክም ማውጣት ክልክል ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ሕግ ሲነገረኝ ደስ ስለሚለኝ ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኳት። እቴቴ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ሁለቱንም አንቺ ያዢ። እኔ ጋ ካለ ማንሳቴ አይቀርም።»

ቦታው እንደፈራሁት አልነበረም። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። መጽሐፍ ያነባሉ፣ ሳንድዊች ይበላሉ፣ ጀርባቸውን የፀሐይ ቅባት ይቀባባሉ። እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ቀሚስ ለብሼ፣ ራሴን በሻሽ ሸፍኜ፣ ቦርሳዬን አቅፌ እንደ ባንክ ዘበኛ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ባርኔጣና ነጠላ ጫማ ብቻ አድርገው መጡና አጠገባችን ያለው ወንበር ሰው ይዞት እንደሆነ በትሕትና ጠየቁን። ነፃ ነው አልናቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው አመሰገኑን።

እቴቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ጌታ ሆይ፤ ይኼ ሁሉ ተረስቶ ባርኔጣው አልተረሳም።»

ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት። እሷም ሳቀች። በሕመሟ ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።

አንድ ሰዓት ያህል በፎጣ ተጠቅልላ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች፣ ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጣለችና ወደ ውሃው ሄደች። ጠባሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ከብብቷ ተነስቶ እስከ ደረቷ መሃል የተጋደመ ረጅም መስመር ነው። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ውሃው ውስጥ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብለዋት አለፉ። እቴቴ እስከ አንገቷ ገባች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከሩቅ አልለየሁም፤ ግን እጇን አውለበለበችልኝ።

ረቡዕ ጠዋት እቴቴ ቁርስ ላይ እያለች እናቴ ደወለችልኝ።

«ፌቭዬ፣ እንዳትደነግጪ። አባትሽ ትንሽ ደክሞት ሐኪም ቤት ገብቷል።»

«ምን ሆነ?»

«ትላንት ማታ ደረቱን ወጋው። ቀላል ነው። ተኝቶ ነው ያለው። ነገ ይወጣል።»

«ልምጣ?»

«ምን ብለሽ? ኖርዝ ካሮላይና ነኝ ብለሽው! በዚህ ላይ ውሸትሽን ሰምቶ ሊናደድ? አርፈሽ ተቀመጪ። ለውድነሽም ትንፍሽ እንዳትዪ። ገና ከበሽታ መነሳቷ ነው፤ አታስደንግጫት። ስትመለሱ እንነግራታለን።»

«እሺ» አልኳት።

ለእናንተ ይህ ግራ አይሆንባችሁም። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ ለታመመ ሰው አይነገርም። እንዲህ ነው ያደግነው። እናቴ ፍቅር እያደረገች ነበር። እኔም እሷን ታዝዤ እቴቴን የጠበቅኳት መሰለኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ወደ ባሕሩ ሄድን። አሁን እቴቴ ፎጣው ውስጥ አንድ ደቂቃም አልቆየችም። እኔ በቦርሳዬ ውስጥ እጄን አስገብቼ በየጊዜው የራሴን ስልክ እነካለሁ። የጠራው ግን የሷ ነው። ከአባቴ ጓንት ሥር ሆኖ ሲንቀጠቀጥ በጣቶቼ ተሰማኝ። የቦርሳውን አፍ ከፍቼ አየሁት።

«ጋሼ» ይላል። ከስሙ በላይ የአባቴ የድሮ ፎቶ አለ፤ በአራት ዓመቱ ኩርፊያ አላጠፋችውም ነበር። የቪዲዮ ጥሪ ነው።

እስኪቆም ጠበቅኩ። ቆመ። ወዲያው እንደገና ጠራ። እቴቴን አየኋት፤ ራቅ ብላ ውሃው ላይ በጀርባዋ ለመንሳፈፍ እየሞከረች፣ እየሰመጠችና እየሳቀች ነው። ተነስቼ ብጠራት ትሰማኛለች። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ባነሳው ፊቴን ያያል። ኖርዝ ካሮላይና ያለችው ልጄ እህቴ ስልክ ላይ ምን ትሠራለች ይላል። ከኋላዬ ራቁታቸውን የሚሄዱ ሰዎች ያያል። ለእቴቴ ብሰጣት መታመሙን ትሰማለች፤ እናቴ ደግሞ አትናገሪ ብላኛለች። ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ባለባርኔጣዋ ሴት ወደ እኔ እያየች ነው። መጨረሻ ላይ ያሰብኩት ደግሞ ይህን ነው፤ ስልክ መደወል የቻለ ሰው ደኅና ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ አላስጨረስኩትም። ቀዩን ነካሁት።

ከዚያ የይለፍ ቁጥሯን አስገብቼ ሦስቱንም ሚስድ ኮል ዲሊት አደረግኩ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ስልኩን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። እቴቴ ውሃ እያንጠባጠበች መጣችና «የጠራኝ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ደግ አደረጉ» ብላ ተጋደመች።

ሐሙስ እናቴ ስልክ አላነሳችም። ደጋግሜ ስደውል እትዬ ጽጌ አነሱ፤ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፤ ሰው የሚያጽናኑት፣ ሰርግም ለቅሶም የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው።

«እናትሽ ሱቅ ሄዳለች፣ ልጄ።»

«ስልኳን ጥላ?»

«ረስታው ነው። አባትሽ ደኅና ነው፤ ተኝቷል። አንቺ በሰላም ነይ ብቻ።»

ድምፃቸው በጣም ለስላሳ ነበር። ያን ልስላሴ አውቀዋለሁ፤ ለሌሎች ሰዎች ሲጠቀሙበት ሰምቼዋለሁ። ግን እኔን የሚመለከት መሆኑን አእምሮዬ እምቢ አለ። መረጃ የምደብቀው እኔ ነኝ፤ የሚደበቅብኝ እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ ስንመለስ ናቲ አየር ማረፊያ ጠበቀን፤ የእናቴ የእህት ልጅ ነው። ሻንጣችንን ተቀብሎን ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳ። ሲልቨር ስፕሪንግ መቼ ታደርሰኛለህ ስለው፣ «ነገ። እናንተ ሕንፃ ላይ የበረሮ መድኃኒት እየተረጨ ነው፤ ዛሬ እቴቴ ጋ እደሪ» አለኝ። መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው።

እቴቴ ከኋላ ሆና፣ «ናቲ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ልጅቷ ጥላህ ሄደች እንዴ?» አለችው።

«አይ… ደክሞኝ ነው።»

«ኸረ ጥላህ ሄዳለች። ጸጉርህን ቶሎ ተቆረጥ ብዬህ ነበር።»

መስተዋቱ ውስጥ ዓይኑ ሲሞላ አየሁት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። እቴቴ ሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከፈተች። ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። ከፊት እትዬ ጽጌና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ወዲያው ገባኝ፤ አባቴ ሞቷል፣ እቴቴን ሊያረዷት ነው የመጡት፣ ልይዛት ይገባል ብዬ ወደሷ እጄን ዘረጋሁ። ከሰዎቹ መሃል ግን እናቴ ጥቁር ለብሳ ወጣች፤ እቴቴን አልፋ ወደ እኔ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባትሽ ጥሎን ሄደ» አለችኝ። ሐሙስ ማለዳ ነው የሞተው። ሦስት ቀን ሙሉ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር።

እቴቴ መሬት ላይ ነበር የተቀመጠችው። «ሳይጠራኝ? ጋሼ፣ ሳይጠራኝ?» ትላለች። ደጋግማ ያን ብቻ።

ከቀብሩ በኋላ ሰው እኛ ቤት ተሰበሰበ። እቴቴ ከአራት ዓመት በኋላ ቤታችንን ረገጠች፤ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ የአባቴን ስልክ እጇ ላይ ይዛለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«ረቡዕ ቀን ነው። አላስችል ብሎኝ የውድነሽን መታመም ነገርኩት። አለቀሰ። ‹ስልኬን አምጪልኝ፣ ፊቷን ልየው› አለኝ። ሐኪሙን ላናግር ወጥቼ ስመለስ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦታል። ‹ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፤ ሦስተኛውን ዘጋችብኝ። ትክክል ናት› አለኝ። ወዲያው ለምርመራ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከእኔም ጋር አልተነጋገረም።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ዞረ።

እቴቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ማቀዝቀዣው ላይ ፕሮግራሜ እንደተለጠፈ ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከኖርዝ ካሮላይና መልስ አክስቴ ጋ አንድ ሌሊት ያደርኩ ነው የሚመስለው። እቴቴ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«አላየሁትም» አለች።

እትዬ ጽጌ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ማታ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። «አብረሻት ነበርሽ። ሲጠራ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማራዘም አልፈልግም። እቴቴ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሰች። የሚደውልላት ሰው ጠፋ። እናቴ ሾርባውን አቆመች። አንድ ቀን ታኮማ ፓርክ ካለ ሱቅ ስትገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አይተዋት ሰላም ሳይሏት እንደወጡ ሰማሁ። እኔ ክፍል እገባለሁ፣ ፈተና እፈተናለሁ፣ ሰው ያጽናናኛል። «የአባቷ ልጅ፤ ለድሃ ቤት ስትሠራ ነው አባቷ የሞተባት» ይሉኛል። እሱ ነበር የማይቻለው።

በጁን ወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እትዬ ጽጌና ሁለቱ ሽማግሌዎች እናቴን ሊጠይቁ እቤት መጡ። ሻይ አቀረብኩ። እትዬ ጽጌ ስኳሩን እያማሰሉ፣ «ውድነሽ ብቅ ብላ አታውቅም አይደል?» አሉ።

«እንዴት ብላ» አለች እናቴ።

«በምን ዓይኗ! የወንድም የመጨረሻ ድምፅ የሚዘጋ እጅ…»

ትሪውን አስቀመጥኩና መኝታ ቤት ገብቼ ጓንቱን አመጣሁ። አሸዋው እስካሁን ከጣቶቹ ውስጥ ይራገፋል። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ኖርዝ ካሮላይናን፣ ደሴቲቱን፣ ባሕሩን፣ ልብስ የሌላቸውን ሰዎች፣ ስልኩን፣ ቀዩን፣ ዲሊት ማድረጌን። አንደኛው ሽማግሌ በመሃል «ልጄ፣ ይበቃል» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እሺ አላልኩም። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። እትዬ ጽጌ ሻያቸውን አስቀመጡ። ወደ ማን እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ጓንቱን ያያሉ።

እናቴ አልጮኸችም። ተነስታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች፣ ፕሮግራሜን ከነማግኔቱ አነሳችው፣ አራት ቦታ አጠፈችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህንንም ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ።

ባቡር ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ።

የመጨረሻውን ከመንገሬ በፊት ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ወሬ መደበቅን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ደግ ሰዎች ነን፣ ስለምንሳሳ ነው የምንደብቀው። እኔም ሐሙስና ዓርብ የባሕር ውሃ ስረጭ በመደበቃቸው የራሩልኝ ይመስላቸው ነበር። አሁን ከእኔ ጋር የሚማሩ ልጆች ለበሽተኛ እውነት ስለመናገር ሲከራከሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ። መልሱን አገኘሁት ማለት አልችልም። የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ «ትንፍሽ እንዳትዪ» ስባል «ለማን ሲባል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የማፍረው ነገር ቢኖርም ስልክ አነሳለሁ። እናቴ አሁን ታናግረኛለች፤ የሚያስፈልገውን ያህል። እቴቴን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ በሩ ድረስ ደርሳ እንደተመለሰች ናቲ ነግሮኛል።

እቴቴ በሩን ስትከፍትልኝ ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ሳልቀመጥ ነገርኳት። አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ስልኩ አንቺ ጋ አልነበር?»

«ከመጀመሪያው?»

«እናትሽ ስትናገር። ያን ቀን አየሁሽ እኮ። ፊትሽ ነገረኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም? ሰው ሁሉ ያንን ሲልሽ?»

«አባትሽን በቀበርሽበት ቀን? በሰው ፊት?» ራሷን ነቀነቀች። «ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ቆየሽ።»

ጉልበቷ ላይ ልደፋ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ከዚያ ለሦስት ወር ስታስበው የነበረ በሚመስል ጥንቃቄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም።

«ቪዲዮ ነው ብለሻል። ስትዘጊው… ፊቱን አይተሻል? ከስቶ ነበር?»

«አላየሁትም እቴቴ። ካላነሱት አይታይም። የድሮው ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው።»

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችው መልስ ሌላ እንደነበር ገባኝ። ከጠረጴዛው ላይ ስልኳን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ በፊቱ ደፋችው።

«ብታነሺው ኖሮ» አለች፣ «ከሁለታችን አንዳችን እናየው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ያ ቀን እሑድ፣ ጁን 15 ቀን 2025፣ እዚህ አሜሪካ የአባቶች ቀን ነበር።